የእድራችንን ዳኛ የረር ተራራ ያወጣሁበት ቅዳሜ

ከንጋቱ 11፡40፣ አቃቂ

የጥር ብርድ አቃቂ ላይ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚመጣው። እኔ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ተነሥቼ ቆሎዬን፣ ውሃዬንና በትሬን አዘጋጅቼ ፌርማታው ላይ ቆሜያለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የክር ሣጥን ላይ ከተጻፈው ነው፤ የስልክ ካርታ ማንበብንም ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። እንጦጦን፣ ወጨጫንና የመናገሻን ደን በአውቶቡስና በእግሬ ብቻ አዳርሻለሁ። ኮንትራት መኪና ይዞ ተራራ የሚሄድ ሰው ተራራውን አየ እንጂ መንገዱን አላየም።

የዛሬው ጉዞ ግን ለእኔ አይደለም። ለእድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆንን አባላት በወር አንድ ቀን በአውቶቡስ ወጥተን ደን ውስጥ እንራመድ የሚል። ነገ እሑድ ይወሰናል። ዳኛችን ጋሽ ወርቁ ሐሳቡን ሲሰማ፣ "እድር የተቋቋመው ለመቅበር ነው። ተራራው ላይ አንዱ ክልትው ቢል ሬሳውን ማን ያወርደዋል?" አለና ጉባኤውን አሳቀብኝ።

እኔም በሰው ፊት ተወራረድኩ። ቅዳሜ አብሮኝ የረር ተራራ ይወጣል። በእግሩ ደኑ ድረስ ደርሶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቃቂ ከተመለሰ ሐሳቤን ይደግፋል። ካልሆነ ሁለተኛ አላነሣውም።

ወርቁ ባለቤቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከአቃቂ የሚወጣው እድሩ ለቀብር አውቶቡስ ሲይዝ ብቻ ነው። ይኸው መጣ፤ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ጫማ፣ ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቱ የዞረ ነጠላ።

"አንተ ወርቁ፣ ማን ሞተ?"

"ከሰፈር የምወጣበት ልብስ ይሄ ነው። ሌላ የለኝም።"

12፡20፣ ወደ ዱከም

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን። በመጋዘኖቹና በተደረደሩት ከባድ መኪናዎች መካከል ስናልፍ ከግራችን የረር ገና ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ከጀርባው እየመጣች ነው። ተራራውን ዕድሜዬን ሙሉ ከፋብሪካው መስኮት አይቼዋለሁ። ወርቁም እንደዚያው። ሁለታችንም ግን እግራችንን አሳርፈንበት አናውቅም።

አንዲት ሴት ለወርቁ መቀመጫዋን ለቀቀችለትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ" አለችው።

"አሜን፣ ልጄ" ብሎ ተቀመጠ።

"ምን አሜን ትላለህ?" አልኩት።

"ታዲያ ምርቃት ይመለሳል?"

2፡50፣ ከተራራው ሥር

ዱከም ላይ ሻይ በትኩስ ዳቦ ጠጥተን ባጃጅ ያዝን። ባጃጁ ጠጠር መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን ሲነጉድ የጤፍ ክምሩ፣ ጭዱ፣ አረንጓዴው የሽምብራ ማሳ በግራና በቀኝ ያልፋል። ሾፌሩ በመስታወቱ ወርቁን ደጋግሞ አየው።

"አባቶች፣ በጥር ሰው ሠርግ ነው የሚሄደው። እናንተ ለቅሶ ናችሁ እንዴ?"

"ተራራ ልንወጣ ነው" አልኩት በኩራት።

አላመነኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲመጣልን ቀጥሬው መንደሩ መግቢያ ላይ ወረድን። ከሽምብራ ማሳ ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፤ በኋላ እንደነገረችን ስሟ ጫልቱ ነው። አየችንና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። "ከሩቅ ነው የመጣችሁት፤ ኑ፣ በዚህ ነው" ብላ ፊት ፊታችን መራች። እኔ መንገዱን የምታሳየን መስሎኝ ነበር። ከፋብሪካ ጓደኞቼ የለቀምኩትን ኦሮምኛ አውጥቼ ሳመሰግናት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከፊታችን ብድግ አሉ።

ለካ የወንድሟ ሚስት ከተቀበረች ሳምንቷ ነው። የወርቁን አለባበስ አይታ ለቅሶ ደራሽ አድርጋናለች።

"ንገራት እንጂ" አልኩት በጆሮው።

"ለቅሶ ቤት ደርሰህ ተሳስቼ ነው ብለህ ትመለሳለህ? ነውር ነው" አለና ገብቶ ቁጭ አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ዕቅዴን በደቂቃ ነበር የሠራሁት። ንፍሮ ቀረበ። ወርቁ ባልየውን፣ ኦቦ ገመቹን፣ አጠገቡ አስቀምጦ እንዴት እንደሞተች፣ ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ ጠየቀው። ከዚያ ስለ ራሱ ሚስት ነገረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ ሆኜ ስሟን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ኀምሳ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ገመቹ፣ "ለመሆኑ በየት በኩል ነው የምትዛመዷት?" ብሎ ጠየቀ።

ወርቁ ነጠላውን አስተካከለ። "አንዋሽህም። አንዛመድም። ከአቃቂ የመጣን የእድር ሰዎች ነን። እሱ ተራራ ካላወጣሁህ ብሎኝ ነው።"

ገመቹ ወርቁን፣ ጥቁር ጫማውን፣ ከዚያ ተራራውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር። ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ "ከቀበርናት ወዲህ ሲስቅ ዛሬ ማየቴ ነው" አለች።

ገመቹ በትሩን አነሣ። "ያንን ጫማ አድርጎማ ብቻውን አይወጣም። ኑ።"

6፡15፣ ደኑ ውስጥ

በስልኬ ካርታ ያወጣሁት መንገድ በሸለቆው በኩል ነበር። ገመቹ አየውና "ክረምቱ ንዶታል" አለ። ካርታው አልተሳሳተም፤ ሸለቆው ነው የተንቀሳቀሰ። የተራራውን ወገብ እየዞረ የሚወጣውን የከብት መንገድ ያዝን። ሁለቱ ሚስት የሞተባቸው ሰዎች ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብፈልግ እቀድማቸው ነበር፤ ግን ጨዋታቸውን ማቋረጥ አልፈለግሁም።

ወርቁ ሦስት ጊዜ ዐረፈ። ሁለተኛው ላይ ድንጋይ ተደግፎ ሲተነፍስ ፊቱ አመድ መሰለ። ውርርዴ እዚህ አበቃ ብዬ ነበር።

"እንመለስ?" አልኩት።

"ሬሳዬን ማን እንደሚያወርደው አሁን ዐወቅሁ፤ ገመቹ ነው" አለና በትሬን ከእጄ ወስዶ ተነሣ።

ከዚያ ጽዱ ጀመረ። ጽድና ወይራ፣ ከላይ የኮሶ ዛፍ፣ ከሥር እግር የሚውጥ ለስላሳ ቅጠል። ነፋሱ ሲነካው ደኑ ሁሉ ይተነፍሳል። ገመቹ አንድ የወደቀ ግንድ አሳየን፤ ከሚስቱ ጋር እንጨት ለቅመው ሲወርዱ የሚያርፉበት ነው። እሷ ከታመመች ወዲህ አልመጣበትም። ሦስታችን ተቀምጠን ቆሎዬን ቆረጠምን። ወርቁ ጥቁር ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ከታች በጭጋጉ ውስጥ የፋብሪካዎቻችን ጭስ፣ ማዶ ዝቋላ።

"ያ አቃቂ ነው?" አለ ወርቁ።

"ነው።"

"እዚያ ሆኜ ይሄን ያህል ዘመን ሳየው፣ እዚህ ሆኖ የሚያየኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።"

12፡50፣ አቃቂ

ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን። ጫልቱ እርጎ ሳንጠጣ አትሄዱም አለች፤ ባጃጁ አርፍዶ መጣ፤ ዱከም ላይ ወረፋ፣ ከዚያ የከባድ መኪና ጭንቅንቅ። ፀሐይዋ ስትወርድ በአውቶቡሱ መስኮት አየሁ። አቃቂ ስንወርድ የመንገድ መብራት በርቷል።

ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም። "ወርቁ፣ ጠልቃለች። ነገ አላነሣውም" አልኩት።

ቆመና ሰማዩን አየ። "በስንት ሰዓት ጠለቀች?"

"12፡20 ገደማ።"

"ለቅሶው ላይ ስንት ተቀመጥን?"

"ኀምሳ ደቂቃ።"

"ለቅሶ መድረስ የእድር ሥራ ነው። ከአንተ ጉዞ ላይ አይቆጠርም።" ኮቱን በክንዱ እንደያዘ ወደ ቤቱ መንገድ ታጠፈ። "በ12 ሰዓት ገብተናል ማለት ነው።"

ዳኛ የፈረደውን እኔ ማን ነኝና እሽራለሁ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ከእኔ በፊት ተነሥቶ የተናገረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ የገመቹ ባለቤት አርባ ቀን ሲወጣ ይሆናል፤ መጀመሪያ ተዝካሩን እንደርሳለን፣ ጉልበት ያለው ከዚያ ተራራውን ይወጣል አለ። አንዱ ከኋላ፣ "ምን ለብሰን ነው የምንሄደው?" ሲል ጉባኤው ሳቀ።

ወርቁ እግሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ጥቁር ጫማው ላይ የየረር አፈር እንዳለ ነበር፤ አላስጠረገውም።

"ጫማ ብቻ ቀይሩ" አለ።