ሰባት ጊዜ የተነከረው ገል

ሽታው ከአፍንጫ ቀድሞ ዓይን ጋ ይደርስ ነበር። ሐኪም ቤት የሚያውቁ ሰዎች «ፎርማሊን ነው» ይሉታል፤ ከአንድ የብርጭቆ ዕቃ አፍ ብቅ ይልና ክፍሉን ሁሉ ያስለቅሳል። በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ዛሬም ያ ሽታ ሽው ሲለው መምህርት እታገኘሁን ያስታውሳል።

እታገኘሁ የድሮ ወታደር ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጅግጅጋ፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ እየሰማች ነው። ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ የቤተ ሙከራውን መደርደሪያ ብቻ ባዶውን ቆሞ አገኘችው። ከዕቃው ሁሉ የተረፈችው አንዲት የፕላቲነም ሽቦ ነበረች። እሷንም ያተረፈቻት ዕቃ አጣቢዋ ኩልሱም ናት፤ በሽሽቱ ሰሞን የወተት ዕቃ ውስጥ ደብቃ፣ በግመል ጭና ሀርሺን ከተማ ድረስ ወስዳ መልሳታለች።

ዲሬክተሩ ጓድ ወልደአማኑኤል ግን «ከወርቅ የከበረ ንብረት ነው» ብለው ሽቦዋን ቆለፉባት። በዓመት አንድ ቀን ትወጣለች። ጋል ብላ በሞቀ ሜታኖል፣ በእንጨት አልኮል፣ ላይ ስትንጠለጠል፣ ያለ ነበልባል ፍም መስላ ትቀላለች፤ የፊት ወንበሮች አይተው ሳይጠግቡ ትጠፋለች። የኋላዎቹ «የት አለ?» እንዳሉ ይቀራሉ።

እታገኘሁን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። ፕላቲነም ሜታኖልን ከአየር ጋር አዋህዶ ያን የሚያስለቅስ ሽታ የሚያወጣ፣ እሱ ራሱ የማያልቅ አፋጣኝ ነው፤ ሥራው ሁሉ ግን በላይኛው ገጹ ላይ ነው። «የሽቦዋ ሆድ ቁጭ ብሎ በላተኛ ነው» ትል ነበር። «ገል ላይ ስስ አድርጌ ባለብሰው ግን ሥራ የሚፈታ የለም።»

በዚያ ዓመት ሽቦዋ ለማሳያ ስትሰጣት ወደ ሣጥኗ አልመለሰቻትም። ሁለት ጠንካራ አሲዶች ቀላቅላ ከተተቻት፤ ሽቦዋ ሟሟች፤ ቢጫ ውሃ ሆነች። የተሰበረ ማሰሮ ገል ነክራ አውጥታ እሳት ላይ ብታደርቀው፣ ጥቁር ቅርፊት አበጀና እየተላጠ ረገፈ። እታገኘሁ ክው አለች። ሽቦም የለ፣ ፍምም የለ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እንዲህ በአንዴ ታጎርሺዋለሽ እንዴ?» ሳቀች ኩልሱም። «የወተት ዕቃ ስናጥን እኮ ትንሽ ጭስ፣ ጠረግ፤ ደግሞ ትንሽ ጭስ፣ ጠረግ ነው። አለዚያ መች ይይዛል?»

«እስከ ስንት ጊዜ?»

«ዕቃው በቃኝ እስኪል።»

እታገኘሁ ቅርፊቱን ለቃቅማ መልሳ አሟሟችው። ፈሳሹን አቀጠነችና ሌላ ገል ነከረች፤ አጋለች፤ አጠበች፤ ደግማ ነከረች። ሰባት ጊዜ። ገሉ ጠቆረ፤ ቢፈትጉትም አልለቅ አለ።

ወሬው የደረሳቸው ዲሬክተር ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ።

«ሽቦዋስ?»

«ይቺውልዎት።» ገሉን ዘረጋችላቸው።

«ትቀልጂብኛለሽ? ሽቦ ሰጥቼ ገል ልረከብ? ሸጠሻታል ነው የሚባለው።»

ኩልሱም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። «ሸጠች ያለው ማነው? መሸጥ ብንፈልግ ያኔ ሀርሺን ገበያ ጠፍቶ ነው?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «‹አጥፍቻለሁ› ብለሽ ፈርሚ፤ ማስተማሩ ይቅርብሽና መዝገብ ቤት ትሠሪያለሽ። አልፈርምም ካልሽ በሌብነት ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ።»

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም።»

«እታገኘሁ!»

«ጓድ ዲሬክተር፣ ገል በራሱ ይቀላል?»

«ገል ምኑ ይቀላል!»

«እንግዲያው ይኸኛው ካልቀላ እፈርማለሁ። እዚያ ይቀመጡ።» በጣቷ ያሳየቻቸው የመጨረሻውን ወንበር ነው።

«ከዚያ ምን ይታየኛል?»

«ተማሪዎቼም ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው።»

እያጉረመረሙ ሄደው ተቀመጡ። እታገኘሁ ሜታኖሉን በሙቅ ውሃ አሞቀች። መጀመሪያ ያልተነከረ ገል ጋል አድርጋ አንጠለጠለች፤ ገል እንደሆነ ቀረ። ቀጥላ ጥቁሩን አንጠለጠለች። አንድ ጥግ ደም መሰለ፤ ከዚያ ገሉ ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

«አሁን ይጠፋል» አሉ ዲሬክተሩ።

«እስኪጠፋ ይጠብቁዋ።»

ጠበቁ። ሽታው ደረሳቸው፤ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጠርገው ቢያዩም ፍሙ እንዳለ ነው። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል።

«ከዚያ ይታያል፣ ጓድ ዲሬክተር?»

ተነሥተው ኮፍያቸውን ደፉ። በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፉ ወረቀቱን አዩት፤ አላነሡትም፤ ፈርሚም አላሉም። ገሉ እንደቀላ፣ ሁለቱን ሴቶች ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።