የጆሮ መመርመሪያው ድምፅ

ጎንደር፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሼ ሙላት ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የጆሮ መመርመሪያ ማሽን አሸከሙኝ። «ድምፅ ማውጣት አቁሟል። መለዋወጫ እንጠብቅ ብንል ታካሚ ይጉላላል» አሉኝ።

ታካሚው ከትክል ድንጋይ የመጡ የዜማ መምህር ነበሩ፤ መሪጌታ። ተማሪ ሲስት መስማት አቅቷቸዋል። ጆሯቸው ካልተለካ የመስሚያ መሣሪያ አይስተካከልላቸውም፤ ካልሰሙ ደግሞ ማስተማሩን ሊተዉ ነው።

ማሽኑን ስፈታው የሞተው ድምፁን የሚፈጥረው ክፍል ብቻ ነው። እሱን ኦፕአምፕ በምትባል፣ ስምንት እግር ባላት አንዲት ማጉያ ቺፕ ልሠራው ተነሣሁ። የድምፁን ቅጥነት የሚወስኑት እኩል የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮችና ሁለት ካፓሲተሮች ናቸው። አስቸጋሪው ማጉላቱ ነው፤ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ካነሰ ድምፁ ይሞታል፤ ከበዛ የሞገዱ አናት ይቆረጣል።

የኔ ተቆረጠ። ጋሼ ሙላት የሞገዱን ቅርፅ የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ አዩና «ሞገድ አዘዝኩሽ እንጂ አምባ አላልኩሽም» አሉ።

ንድድ አለኝ። አራዳ ገበያ ወርጄ ከሬዲዮ ጠጋኝ የአሮጌ ቴፕ አምፖል ገዛሁና ከማጉያዋ ወደ መሬት (ግራውንድ) በሚወርደው መስመር አስገባኋት። ድምፁ ሲበረታ አምፖሏ ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ማጉላቱን ትቀንሳለች። ሞገዱ አናቱ ክብ አለ። ጋሼ ሙላት የድምፁን መጠን ለክተው «አሁን ገና ሸጋ ሆነ» አሉ።

በምርመራው ዕለት ማሽኑ እንዳያሳፍረኝ ቁልፉን ራሴ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ሐኪሟ ማዳመጫውን በመሪጌታ ጆሮ ላይ አድርጋ «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ» አለቻቸው። ወፍራሙን ድምፅ ለቀቅኩ። መሪጌታ እጃቸውን ረስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁን ተቀብለው ማዜም ጀመሩ። ሐኪሟም እኔም ሳቅን። ድምፁን ከፍ ወዳለው ስቀይረው ተከትለውኝ ወጡ። ቀጭኑ ላይ ስደርስ ዝም አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አትለቂም?»

ለቅቄዋለሁ። እየጮኸ ነበር። አንጀቴን በሉት።

የመስሚያ መሣሪያው ለቀጭኑ ድምፅ ተስተካክሎ የተሰጣቸው ቀን፣ አብሯቸው የመጣውን ዲያቆን «እስቲ በላት» ብለው አስዜሙት። መሐል ላይ በእጃቸው አስቆሙት።

«ሳትክ!»

እንዲህ በደስታ የተባለ «ሳትክ» ሰምቼ አላውቅም። ዲያቆኑ ራሱ ጥርሱን መክደን አቃተው።

አሁን ጀማሪ ባለሙያ ስረከብ የምነግረው ይህን ነው፦ ማሽን ጠግነህ ስትጨርስ፣ ሰው ሲገለገልበት ቆመህ እይ።