ከሾላው የተደገፈችው ታንኳ

ባሌን ከቀበርሁ በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። የሚያጸናኝ ከሆነ ለምን ወሰደብኝ? ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን አላስቀምጥ ሲለኝ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ወደ አማቴ እሄድ ነበር። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ዛሬም ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል በተሠራች ታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳዋ ከሐይቁ በወጣች ቁጥር ዛፍ ተደግፋ ካልደረቀች ከብዳ ሰው መሸከም ያቅታታል።

አንድ የክረምት ቀን ጣናም ሰማዩም አመድ መስለው ነበር። አማቴ እንደ ልማዳቸው ታንኳዋን እየጎተቱ አውጥተው ከሾላው አስደገፏት። ውኃው ከሥሯ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ፀሐይ በሌለበት ምን ሊያደርቃት ነው የሚደክሙ?» አልኋቸው፤ ቁጣዬን መደበቅ አልቻልሁም።

«እኔ የምችለው ማስደገፍ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ማድረቁ የእሱ ነው።»

እሳቸውም ልጃቸውን ቀብረዋል።

ከታንኳዋ አጠገብ ተቀምጬ ጀርባዬን ለሾላው ሰጠሁ። ለጸሎት የሚሆን ቃል ከየት ይምጣ? «አቤቱ፣ ይኸው ተደግፌያለሁ» ብቻ አልሁ።

ፀሐይ ያን ቀን አልወጣችም።