ደርቆ የተመለሰው ፎጣ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

መናኸሪያው ገና ሳይደምቅ እኔና የስምንት ዓመቷ ልጄ ሐያት ሚኒባስ ውስጥ ገብተናል። ቦርሳዬን ያጨናነቀው ፎጣ ነው። ክረምት ላይ የሐያት ግራ ጆሮ መግል ሲያወጣ ሐኪሙ፣ «ከዋና ስትወጣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርገሽ ውሃውን አፍስሺ፣ በደረቅ ፎጣ አድርቂ፣ ምንም አትጨምሪበት» ብሎኝ ነበር።

«እህቴ፣ ፎጣ ልትነግጂ ነው?» አለኝ ሾፌሩ። ሳቅሁለት።

1 ሰዓት፣ መልካሳ

አቧራ፣ የባጃጅ ጥሩንባ፣ ፓፓያ። እርሻው ከመንገዱ ማዶ እየታየ ዋጋው የአዲስ አበባ ነው። እየተነጫነጭኩ ገዛሁ። ልንዋኝ በምንሄድበት ፍል ውሃ የባሌ አክስት እትዬ ዘይነባ ከሁሩታ መጥተው ይጠብቁናል። ባሌን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ተናግረው በቤታችን መልስ የሚሰጥ የለም።

5 ሰዓት፣ ፍል ውሃው

ሐያት እስኪበቃት ዋኝታ ወጣች። ፎጣውን ዘርግቼ ልጠቀልላት ስል እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙኝ።

«ተይ! ፍል ውሃ አይጠረግም፤ ራሱ ይድረቅባት። ቆሪቻ ነው እኮ! መድኃኒቱን ልትጠርጊው ነው?»

«እትዬ፣ ጆሮዋን ያማታል፤ ሐኪሙ...»

«እኔ ወገቤን በምን ያዳንኩት ይመስልሻል?» አሉና ውሃ በመዳፋቸው ዘግነው ግራ ጆሮዋ ውስጥ አንቆረቆሩ።

ልጄ አየችኝ። እኔ ፎጣውን አጠፍኩ። አክብሮት መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው። እዚያው አድረን እሑድም እንደዚሁ አደረግን።

«እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይንቦጫረቃል» አለችኝ። ይተውሻል አልኳት።

ሰኞ ጠዋት፣ ወደ አዳማ

ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትጮኻለች። ትኩሳቷ ክንዴን ያቃጥላል። ሾፌሩ ሳይጠየቅ ራዲዮኑን ዘጋ። ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አየ።

«ውሃ ቀርቶበት ነው። አላደረቃችሁላትም?»

«ፎጣ ይዤ ነበር» አልኩ። ይሄም መልስ ሆኖ!

ጠብታ አዘዘልን። የጆሮዋ ታምቡር ተቀድዷል፤ እንደ ድሮው ትስማ አትስማ ወደፊት ነው የሚታወቀው።

11 ሰዓት፣ ቤት

ቦርሳዬን ስፈታ ፎጣው እንደታጠፈ፣ እንደደረቀ ወጣ። እሱን ይዤ እንደቆምኩ ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«ውሃው ተስማማት?»

ሐያት ደህናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ተቀምጣለች።

«ተስማማት፣ እትዬ» አልኩ።

ይህቺን በደንብ ሰማቻት።