በመስኮት ብርሃን የተደበቀ ግማሽ ፊት

አንድ ጠዋት በስደት በምኖርባት አዲሰን ከተማ ባለው አፓርታማዬ አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ሳይ የፊቴ ግራ ጎን ሥራ አቁሟል፤ ዓይኑ አይከደንም፣ ከንፈሩ ወርዷል። ሐኪሟ የፊት ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል አለች። የሥራ ባልደረቦቼ ሾፌሮች ግን የመኪናው ማቀዝቀዣ፣ የኤሲ ንፋስ እንደመታኝ በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ታየኛለች፤ ደም ግፊት አለባት። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ፈራሁ። ጎረቤት ከተማ ሮውሌት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሥራው ሰርግ በቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ መጥቶ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ።

“ፌስህን ሳይድ አድርገው፤ ግራው ሻዶው ውስጥ ይግባ። ሶ፣ እንዳትስቅ፣ ኦኬ?”

ሰው ግማሽ ፊት ካየ ጥላ ውስጥ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል ብሎ አስረዳኝ። ስልኩ ላይ ሳየው እውነትም መልከ መልካም ነበርኩ። በደህናዬም ጊዜ እንዲህ አላምርም።

እሁድ እናቴ ደወለች። ከንፈሬ እንዳያጋልጠኝ ጥቂት ተናገርኩ፤ አልሳቅኩም። መብራት አብራ ስትለኝ አምፖሉ ተቃጥሏል አልኩ። ወንድሜ ለምን ስልክ እንደማያነሳ ጠየቀችኝ። ሳክሲ የምትባል ከተማ ሰርግ ይቀርጽ ነበር፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያውቀው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አየሩ ያወራል፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። እናቴ የጎደለውን ግማሽ ፊት በዚህ ሞላችው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

“ወንድምህ መቼ ነው የሞተው?”

ደህና ነው ብላት አላመነችኝም፤ መርዶ የሚደብቅ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቅንድብ አሳምራለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ ነው። ተነስቼ የጣሪያውን መብራት አበራሁና ስልኩን ፊት ለፊቴ ይዤ ሳቅኩላት። አፌ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ፤ ግራው ባለበት ቀረ።

“እማዬ፣ የደበቅኩሽ ይህንን ነው።”

ፊቴን ግራ ቀኝ መረመረች።

“ይኼ ብቻ ነው?”

ሌላ ምንም እንደሌለ ማልኩላት። ተመስገን አለች፤ እያለቀሰች ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

“እስቲ ደግመህ ሳቅልኝ።”