ትንፋሽ ያጣው ዘፈን

በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦቿ «ዘፋኟ» ይሏታል። የሙዚቃ ክፍሎቹ ደግሞ «ኢንጂነሯ» ነው የሚሏት፤ የሚፈልጓትም ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ነው። በአምስት ዓመት የኮንትራት መምህርነቷ ቢሮዋ አራት ጊዜ ተቀይሯል። አሁን ያለችው ከደረጃው ሥር ነው፤ ሰው በወረደ ቁጥር ጣሪያዋ ይንኳኳል።

ዘንድሮ ግን ቁርጡ ሊለይ ነው። አንድ ቋሚ ቦታ ተከፍቷል። ሥራዋን ለኮሚቴ አሳይታ ካላገኘችው ኮንትራቷ አይታደስም። ሥራዋ በዕድሜ ብዛት የሻከሩ የድሮ ዘፈኖችን የሚያጠራ ፕሮግራም ነው። ያስተማረችውም በገዛ ጆሮዋ ነው፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ አጥልቃ፣ ዘፈኑን በጥቂት በጥቂቱ እየቆራረጠች፣ ይህ ዜማ፣ ይህ ጫጫታ እያለች ምልክት ስታደርግበት ኖራለች። በመጨረሻ ፕሮግራሙ እሷው ባዘጋጀችው መለኪያ ሲፈተን ከመቶ ዘጠና ሰባት አመጣ። ውጤቱን ስታይ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ክፍሉን ዞረችው፤ ሁለት እርምጃ ብቻ ቢሆንም።

የኮሚቴው ፈተና አራት ቀን ሲቀረው ለአክስቷ ልታሰማ ሄደች። ያሳደገቻት አክስቷ በወጣትነቷ ዘፋኝ ነበረች፤ ለኮሚቴው የመረጠችውም የእሷን ዘፈን ነው። አክስትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጥሩ ነው» አለች። «የማን ነው?»

«ያንቺው ነው እንጂ፣ አክስቴ።»

«ሂጂ እዚያ። እኔ ሳልተነፍስ ዘፍኜ አላውቅም።»

ልጅቷ ክው አለች። ላፕቶፑን እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ከፍታ ያልጠራውን ቅጂ አዳመጠች። እውነትም ከየስንኙ በፊት ትንሽ አየር መሳብ አለ፤ ያንን ሁሉ ዓመት ተሻግሮ የመጣ የወጣት ሴት ትንፋሽ። በጠራው ላይ ግን የለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፅ ስትማር ትንፋሿ ከተሰማ መምህሯ ከመጀመሪያው ያስደግሟት ነበር። ሙዚቃ ያልተማረ ኢንጂነር ልብ ሳይለው የሚያልፈውን፣ እሷ በሠለጠነ ጆሮዋ አንድ በአንድ እየለቀመች ከጫጫታው ጋር ጥላዋለች።

ሦስት ቀን ሙሉ የጣለችውን ስትመልስ ከረመች። ችግሩ ደግሞ መለኪያውም የተሠራው በዚያው በተሳሳተው ምልክቷ ነው፤ ቀድሞ ለኮሚቴው ስለገባ መንካት አይቻልም። ትንፋሹ ሲመለስ ውጤቱ ወደ ሰማንያ አራት ወረደ። የድሮውን ይዛ ብትገባ ማንም አያውቅባትም ነበር። እንደዚያ ለማድረግም ዳድቷት ነበር፤ ግን ባሰበችው ቁጥር አክስቷ «የማን ነው?» ስትል ይሰማታል።

በፈተናው ዕለት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጡ። «ባለፈው ዘጠና ሰባት ነበር» አሉ። «ሰው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»

«መለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «የተሳሳትኩትም ያኔ ነው። ቁጥሩን ለጊዜው ይተዉትና አንዴ ይስሙልኝ።»

መጀመሪያ ዘጠና ሰባቱን አሰማቻቸው። ኃላፊው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ሰማንያ አራቱን ከፈተች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ፣ እኚያ ደረቅ ሰውዬ ሳያውቁት ቅጂው ላይ ካለችው ዘፋኝ ጋር እኩል አየር ሳቡ። ከጎናቸው የተቀመጡት የሙዚቃ መምህር ይህን አይተው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነው።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አንድ ሰው አይቶት የማያውቀውን ሰው ትንፋሽ ተከትሎ ሲተነፍስ ማየቷ አስደንቋት ቆማ ቀረች።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሳት። ቋሚ መምህርት ሆናለች፤ እኩሌታዋ በኮምፒውተር ክፍል፣ እኩሌታዋ በሙዚቃ፤ የሁለቱም ክፍል ስብሰባ ላይ መገኘት ግዴታ ነው ይላል። ስልክ ደውላ ለአክስቷ አነበበችላት።

«ሁለት ስብሰባ?» አለች አክስትየው። «ምን አጥፍተሽ ነው?»