ድምፅ የሌለው ነጠላ ጫማ

ቶይባ ወሎን ለቃ ዐረብ አገር፣ አል ሀይል ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ከሁሉ የጠላሽው ምንድን ነው ብትሏት የሰኔውን ሙቀት አትልም፤ የሃያ አራት መስኮት መስታወት መወልወልም አትልም። «ዌንሽ?» ትላለች። የት ነሽ ማለት ነው። አሠሪዋ ማዳም በዚህ ቃል በቀን አርባ ጊዜ ትጠራታለች። ቶይባ ኩሽና ሆና «ዌንሽ?»፣ ልብስ ስትተኩስ «ዌንሽ?»፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ገና በሩን ሳትዘጋ «ዌንሽ?»።

የመጣች ዕለት ማዳም አንድ ነገር አምጪ አለቻት። ቶይባ የምታውቀው ዐረብኛ ቁርአን ቤት የቀራችውን ብቻ ነበር፤ በእሱ ደግሞ ይሰገድበታል እንጂ ኩሽና አይገባበትም። ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ በየተራ አቀረበች፦ ድስት፣ ወንፊት፣ መጥረጊያ፣ አንድ ሙሉ ሐብሐብ፣ በመጨረሻም የጋዙን ጎማ ከነመያዣው ነቅላ። የተፈለገው ማንኪያ ነበር። ማዳም ሶፋ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቶይባም ክፍሏ ገብታ እንባዋ እስኪወርድ አለቀሰች። በማግስቱ ከቤቱ ልጅ ከሰውዳ አንድ ደብተር ለመነችና የመጀመሪያውን ቃል ጻፈች፤ ማንኪያ።

ቃል ቃልን እየወለደ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ደረሰ። መዝገበ ቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ኻላስ» የሚለው ቃል ለብቻው ግማሽ ገጽ ይዟል፤ ማዳም በቀስታ ስትለው ጨርሰሻል፣ ጮክ ስትለው ተይው፣ ጥርሷን ነክሳ ስትለው ደግሞ ከፊቴ ጥፊ ማለቷ ነው። የትኛው ጨርቅ ለየትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ ሃልዋ የሚሉት ጣፋጭ ከቡናው ቀድሞ እንደሚቀርብ፣ ሁሉም አለበት።

ሰውዳ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ማጥናት ስትጀምር አሮጌ ላፕቶፕዋን ለቶይባ ሰጠቻት። ላፕቶፑ ሻይ ተደፍቶበት ማውሱ ሞቷል፤ በፊደል ቁልፎቹ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሰውዳ ማውስ የማይፈልግ ያረጀ የጽሑፍ ኤዲተር ጫነችላት። ላይኛው መስኮት መጻፊያ ነው። ታችኛው ሼል የሚሉት ነው፤ ትእዛዝ ተቀባይ።

«ሼሏ ምንጊዜም አንድ ፎልደር ውስጥ ናት» ብላ አስረዳቻት ሰውዳ። «‹ሲዲ› ብለሽ የፎልደር ስም ስትጽፊላት ወደዚያ ትሄዳለች። ኤዲተሯ ደግሞ የት እንዳለች ትከታተላታለች። ፋይል ክፈቺ ስትያት፣ ሼሏ ባለችበት ፎልደር ገብታ ትፈልግልሻለች።»

«ገባኝ» አለች ቶይባ። «ኤዲተሯ ማዳም፣ ሼሏ ኸዳማ፤ እንደኔ ሠራተኛ።»

ሰውዳ ወደ ጣሪያው እያየች «እንደዚያ በይው» አለች።

ቶይባ ደብተሩን በሙሉ ገለበጠችው፤ ስምንት ወር ፈጀባት። እሰየው ብላ ሳትጨርስ ደብተሩ ከሽርጧ ኪስ ሳይወጣ ማጠቢያ ማሽን ገብቶ በስልሳ ዲግሪ ታጠበና እንደ ገንፎ ሆነ። ሰውዳም «እንግዲህ የፋይሉን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጪ» አለቻት። ቶይባ «ኢንሻአላህ» አለች። እዚያ አገር የኖረ ሰው፣ ይህ ቃል ስንት ሥራ ሳይሠራ እንዳስቀረ ያውቃል።

አሁን ግን ቀን ተቆርጧል። ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ሀኒፋ ትመጣለች። የምትቀጠረው ከተራራው ባሻገር አል አመራት ነው፤ ቶይባ ልትደርስላት አትችልም። ሀኒፋ ደግሞ ስትሰግድ ከምትቀራው ፋቲሓ በቀር ዐረብኛ የሚባል አታውቅም። ቶይባ ያሰበችው ቃሎቹን አሳትማ አየር ማረፊያው ላይ በእጇ ልታስጨብጣት ነው፤ እህቷ የማንም ሰው የጋዝ ጎማ እንዳትነቅል። ሰውዳ ሐሙስ አመሻሽ ከፈተና ስትመለስ ፋይሉን ተቀብላ አል ኹድ ማተሚያ ቤት ታደርሳለች። ዓርብ ዝግ ነው። ሐሙስ ካለፈ የለም።

ረቡዕ ዕለት ቶይባ እጇ ሥራ ፈታ። «ሲዲ» የሚለውን ትእዛዝ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም፤ ለእሷ ሲዲ ማለት አገር ቤት የሰርግ ፊልም የሚታይበት ክብ ነገር ነው። ለትእዛዝ ቅጽል ስም ማውጣት እንደሚቻል ሰውዳ አሳይታት ነበር። «ሲዲ»ን «ሂጂ» አለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሂጂ ስትባል የኖረች ሴት በተራዋ ሂጂ የምትላት ብታገኝ ማን ይፈርድባታል? ሼሏም የት፣ ለምን አላለችም፤ ተነሥታ ሄደች። ቶይባ ደስ ብሏት ያለ ሥራ አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ አመላለሰቻት።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ወጣች። በግንቡ ማዶ የጎረቤት ቪላ ሠራተኛዋ እቴነሽ፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ጠበቀቻትና አንድ ጥንድ አዲስ ነጠላ ጫማ ወረወረችላት። ሶሉ ወፍራም ስፖንጅ ነው።

«ያንን ሟርተኛ ጫማሽን ጣይልኝ» አለቻት። «ጧ ጧ ሲል እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።»

ቶይባ አሮጌውን እዚያው ጥላ አዲሱን ተጫምታ ወረደች። ምሳ ቀረበ፤ ዕቃ ታጠበ፤ ቤቱ ሁሉ የቀትር እንቅልፉን ተኛ። እሷም ክፍሏ ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ሁሉን ነገር ልታሰማምር ብላ «ሀኒፋ» የሚባል አዲስ ፎልደር ሠራች፤ ፋይሉን ወደዚያ አዛወረች፤ ሼሏንም «ሂጂ ሀኒፋ» አለቻት። ሼሏ ሄደች። እዚያ ያለውን ዘርዝሪ ስትባልም የፋይሉን ስም አሳየች። ቶይባ ወደ ኤዲተሯ ዞራ ያንኑ ስም ክፈቺ አለቻት።

ነጭ ገጽ መጣ። አንድ ፊደል የለበትም።

ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ ያው ነጭ። አመዷ ቡን አለ። ስሙ ታች አለ፣ ቃሎቹ ላይ የሉም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እርግጥ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «አዲስ ፋይል» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ቤቷ የተቃጠለባት ሴት ደቃቅ ፊደል አታነብም። ሰውዳ ፈተና ላይ ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቶይባ ብርድ ልብስ ተከናንባ እቴነሽ ጋ ደወለች።

«አለቀልኝ እቴነሽ፣ ወላሂ አለቀልኝ! ቃሎቼ ጠፉ!»

«በስመ አብ! የት ሄዱ?»

«የት እንደሄዱ ባውቅማ ምን አስለቀሰኝ!»

«ቆይ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ እሳልልሻለሁ።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ!»

«ጃንጥላው የኔ፣ ስለቱ የኔ፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ? አንቺም በበኩልሽ ጾም ነይቺ፤ ያላ፣ ከሁለት ወገን ከተያዘ አያመልጥም።»

ቶይባ በበኩሏ ሦስት ቀን ጾም ነየተች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ቆረጠች፤ ይህን ባዶ ነገር አጥፍታ፣ እስከ ማታ ከራሷ የምታስታውሰውን ያህል ትጽፋለች። ሁለት መቶ ቃልም ከማንኪያ ይሻላል። ሼሏ ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈች፤ የፋይሉን ስም ጨመረች። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ሼሏ አጥፊ ከተባለች እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ አትጠይቅም።

«ዌንሽ!»

ጩኸቱ ከጣሪያ ነው። «ዌንሽ፣ ያ ቶይባ!» አሁን ከደረጃው። ቶይባ እጇን ከቁልፉ አነሣች። በሩ ተበረገደ፤ ማዳም ላብ አጥምቋት፣ መሸፈኛዋ ከራሷ ተንሸራቶ፣ አሮጌውን ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛ ገባች። ቶይባ ልትመታኝ ነው ብላ ትራስ አነሣች።

«ጠዋት ስትወጪ ሰማሁ!» አለች ማዳም እያለከለከች። «ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ስትወርጂ ግን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ማፊ ድምፅ፣ ምንም የለም! ብጠራ የለሽም፤ ብወጣ ጫማሽ ብቻ ተቀምጧል። ወድቀሻል ብዬ የጎረቤቱን ግቢ ሁሉ ወደ ታች ሳይ ነበር!»

«ምሳ ያቀረብኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

ማዳም ጫማውን ደረቷ ላይ አጣበቀች። «ምሳውን አየሁ፤ አንቺን ግን አልሰማሁሽም» አለች። ቶይባ ትራሱን አስቀመጠች፤ ስድስት ዓመት የጠላችው ቃል ውስጥ ፍርሃት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

«ታዲያ የት እንዳለሁ የምታውቂው በጫማዬ ድምፅ ነው?»

«በምን ልወቅ? ዓይኔ ግድግዳ አይበሳ!»

ቶይባ ማዳምን አየች፤ ጫማውን አየች፤ ላፕቶፑን አየች። ክው አለች። ለካ ኤዲተሯም ሼሏን አታያትም! ጆሮዋን ጥላ የምትጠብቀው «ሲዲ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። «ሲዲ» ሲባል ሰምታ ሄደች ትላለች፤ «ሂጂ» ሲባል ግን ምንም አልሰማችም። ሼሏ ስፖንጅ ጫማ አድርጋ ሀኒፋ ፎልደር ገብታለች፤ ኤዲተሯ አሁንም አሮጌው ፎልደር ላይ ቆማ፣ እዚያ የሌለውን ፋይል ክፈቺ ብትባል ባዶ ወረቀት ታቀርባለች። እውነተኛው ፋይል ያለው ከሼሏ ዘንድ ነው። አጥፊ ልትባል የነበረችውም እሷው ናት።

የማጥፊያውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል፣ እሾህ እንደሚነቅል ሰው ደመሰሰችው። ከዚያ በድሮው ስሙ «ሲዲ» ብላ የሀኒፋን ፎልደር ሙሉ አድራሻ ጻፈች፤ ኤዲተሯ ሰማች። ክፈቺ አለቻት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞላ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ማንኪያ ተቀምጧል።

«ማዳም፣ ሕይወቴን አተረፍሽልኝ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ወድቀሽ ነበር እንዴ?» አለች ማዳም።

አመሻሽ ላይ ሰውዳ መጥታ ኤዲተሯ ከ«ሲዲ» ሌላ «ሂጂ»ንም እንድትሰማ ማስተካከያ እንዳለ አሳየቻት። አራት ዓመት ተምራ «ሲዲ»ን የሚሽር ሰው ይመጣል ብላ እንዳልጠረጠረችም አመነች። ፋይሉ ማተሚያ ቤት ደረሰ። እቴነሽ ጃንጥላውን ወደ አገር ቤት ልካለች፤ ቶይባም በዚያ ሙቀት ሦስቱን ቀን ጾማለች። ፋይሉን ማን እንዳስገኘው እስከ ዛሬ በግንቡ ላይ ይከራከራሉ፤ ማዳምን የሚጠቅስ የለም።

ቅዳሜ አየር ማረፊያው ላይ ሀኒፋ ከእህቷ ሁለት ነገር ተቀበለች። አንዱ መጽሐፉ ነው። ሌላው አሮጌው፣ ጧ ጧ የሚለው ነጠላ ጫማ።

«ይህ ደግሞ ለምኔ ነው?» አለች ሀኒፋ።

«ተጫሚው። ኋላ ይገባሻል።»

የአል አመራት መኪና ይዟት ሄደ። ቶይባ ቤት ገብታ ሩዝ ጣደች፤ ወለል ወለወለች፤ ስልኳን አየች። ደግማ አየች። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በገዛ ጣቷ የድምፅ መልእክት ከፈተች፤ ከአፏም የወጣው ያ የጠላችው ቃል ነበር።

«ዌንሽ?»

መልሱ ቆይቶ መጣ። አራት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቃል የለበትም። በሰው ቤት ሸክላ ወለል ላይ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ቶይባ ሩዙ እያረረ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው።